እርማት፦ አርኤስኤስ አልሞተም

አርኤስኤስ የድረ ገጾች አዳዲስ ጽሑፎች ማንበቢያ በሚባል መተግበሪያ በአንድ ቦታ እንዲደርሱን የሚያደርግ ዘዴ ነው። «ጉግል ሪደር የተባለው ማንበቢያ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ አርኤስኤስም አብሮ ቀረ» የሚለው ስህተት ነው። የተዘጋው ማንበቢያው እንጂ ፊዱ፣ ማለትም ድረ ገጹ አዳዲስ ጽሑፎቹን የሚዘረዝርበት ፋይል፣ አይደለም፤ ሬዲዮ ስለተሰበረ ጣቢያ አይዘጋም። ፖድካስት ዛሬም የሚሰራጨው በዚሁ ነው።

የድረ ገጹን አድራሻ እንደ ፊድሊ ያለ ማንበቢያ ላይ ለጥፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊዱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ካላገኘና ገጹ በዎርድፕረስ (በድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) የተሠራ ከሆነ፣ ከአድራሻው መጨረሻ እዝባርና «ፊድ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (/feed) ጨምሩ። የተዘበራረቀ ኮድ ቢመጣ አትደንግጡ፣ የምትፈልጉት እሱን ነው፤ አድራሻውን ገልብጣችሁ ማንበቢያው ላይ ለጥፉት።

«ጽሑፍ ይዘለኛል» የሚለው ቅሬታ ግን እውነት አለው። ዎርድፕረስ ቅንብሩ ካልተነካ በፊዱ የሚያኖረው የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ነው። ስልካችሁ ላይ ብቻ የሚሠራ ማንበቢያ ሳይከፈት ከሰነበተ፣ ከ10 ያለፉት አመለጡ ማለት ነው።