ቡና ሳይፈላ ሒሳብ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ፣ እራቴን በልቼ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳልኩ፣ ከእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ሊንክ መጣልኝ። ሰላምታ የለውም። «ጋሼ እንዴት አመሹ» የለውም። ሊንክ ብቻ፤ ከሥሩ የእሳት ምስል ሦስት ጊዜ።

ተጫንኩት። ዘመድ የላከው ነገር ዝም አይባልም።

የተከፈተው ገጽ ስሜን ጠየቀኝ። ከዚያ አድራሻዬን፣ ከዚያ የካርዴን ቁጥር፣ ከዚያ ካርዱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች። ከላይ ቀይ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወደ ታች ይቆጥራል። ከታች 97 ዶላር ይላል። ዕቃው ምን እንደሆነ ፈለግኩ። ወደ ላይ ብል የለም፣ ወደ ታች ብል የለም። «ሙሉ ጥቅል» ብቻ ይላል። የምን ጥቅል? ጎመንም ጥቅል አለው። ሰዓቱ 7 ደቂቃ ሲደርስ እጄን ያልበኝ ጀመር። ምን እንደሆነ አላውቅም እንጂ ሊያመልጠኝ ነው።

ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ከፈሉ?» አለኝ። ሃሎ እንኳ አላለም።

«ምኑን ነው የምከፍለው?»

«እሱን ከከፈሉ በኋላ ያዩታል።»

ልጁ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቀን ቀን ኡበር ይነዳል፣ ማታ ማታ አፊሊየት ሆኗል። ሥራው እንኳ አዲስ አይደለም፤ አማዞን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያሠራበታል። የሌላ ሰው ዕቃ ታስተዋውቃለህ፣ የራስህ ምልክት ያለበት ሊንክ ትበትናለህ፣ ሰው በዚያ ገብቶ ሲገዛ ኮሚሽን ታገኛለህ። በአማርኛ ደላላ ይባላል። እንዲህ ስለው ግን ይከፋዋል። ዲጂታል ማርኬተር ነኝ ባይ ነው።

እሺ፣ ዲጂታል ይሁን። ግን ድለላም እኮ ወግ አለው። ልጅ ሆኜ እናቴ ነጠላ ልትገዛ ሽሮ ሜዳ ስትሄድ ትወስደኝ ነበር። ገና ከታክሲ ስንወርድ አንድ ጎረምሳ ይከተለናል። «እናት፣ ምን ነበር? ነጠላ? ጋቢ? በዚህ ይግቡ።» እናቴ አታየውም። እሱም እንዳልታየ ሆኖ ይከተላል። «እኔ ምንም አላገኝም፣ ለእናንተው ብዬ ነው» ይላል። (እዚህ አገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው ማግኘቱን እንዲናገር ያስገድዳል። ስሙ ራሱ ኮሚሽን ስለሆነ ነገሩ ይገባዋል።) አንዱ ሱቅ ስንገባ ጎረምሳው በር ላይ ቆሞ ባለሱቁን ይጠቅሰዋል። «እኔ ነኝ ያመጣኋቸው» ማለቱ ነው። ዛሬ ያቺን ጥቅሻ፣ ሊንኩን ሲጫኑ ስልክዎ ላይ የምትቀመጠውን ምልክት፣ ኩኪ ይሏታል። የአማዞኗ ጥቅሻ 24 ሰዓት ትቆያለች። ዕቃው በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅርጫት ከገባ ደግሞ እስከ 90 ቀን ገደማ ትራዘማለች። የሽሮ ሜዳው ልጅ ይህን ቢሰማ ሱቁ በር ላይ ፍራሽ ያነጥፍ ነበር።

ከጥቅሻው በኋላ ያለው ሥራ የእናቴ ነው። ነጠላውን ትዘረጋዋለች። ጥለቱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ታሸዋለች። ወደ በሩ ወስዳ ብርሃን ላይ ታየዋለች። «ይሄ ይለቃል» ትላለች። ባለሱቁ ይምላል። ዋጋ ሲጠራላት ነጠላውን እንደ ጋለ ድስት ትለቀዋለች። ወጥተን እንሄዳለን። እኔ እርምጃ እቆጥራለሁ። ብዙ ጊዜ ሰባተኛው ላይ «ነይ እስቲ እናቴ፣ አንቺስ ስንት ትያለሽ?» የሚል ድምፅ ከኋላችን ይመጣል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አወራሁለት። «ጋሼ፣ ችግሩ እሱ ነው እኮ!» አለኝ። በእሱ ስሌት ሰው ብዙ ባነበበ ቁጥር ይሸሻል። አንድ ክሊክ በተጨመረ ቁጥር መንገድ ላይ ሰው ይንጠባጠባል። ቤይማርድ የሚባል የዴንማርክ የጥናት ተቋም ያወጣውን ቁጥርም ጠራልኝ፤ ዕቃ ቅርጫት ውስጥ ከከተቱ አሥር ሰዎች ሰባቱ ያህል ሳይከፍሉ ይወጣሉ። «ስለዚህ መሀሉን፣ ዕቃውን የሚያስረዳውን ገጽ፣ ዘለልኩት» አለ።

ሰባቱ የእናቴ ዘመዶች መሆን አለባቸው። ሰባተኛው እርምጃ ላይ የሚጠራቸው አጥተው ነው።

ግን መሀሉ ይዘለላል? እስቲ ሽማግሌ ሲላክ አስቡት። ገብተው «ተቀመጡ» ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ። ስለ ዘር ማንዘር ይወራል። «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ኑ» ተብለው ይመለሳሉ። የእህቴ ልጅ ሽማግሌ ቢሆን በሩን ደብድቦ «ልጅቷን አምጧት፣ ሞተሩን አላጠፋሁም፣ 10 ደቂቃ አላችሁ» ነው የሚለው።

በእርግጥ ዕቃውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ያስኬዳል። በርበሬ ሊገዛ ለመጣ ሰው ስለ በርበሬ ሰበካ አያስፈልገውም። እኔ ግን በርበሬ ይሁን ባሩድ የማውቀው ነገር የለም።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከፈለ። እናቱ። «ልጄ ላከልኝ» ብላ ዓይኗን ሳታሽ ከፈለች። የጥቅሉን ማንነት ያወቅነው ያኔ ነው፤ የውሻ ማሠልጠኛ ቪዲዮ። 12 ክፍል። እህቴ ውሻ ካየች መንገድ ትሻገራለች። ልጁ ግን ፈነጠዘ። የሚጨበጥ ዕቃ ሲሸጥ ኮሚሽኑ ብዙውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ነው። ቪዲዮ ማባዛት ግን ወጪ ስለሌለው ግማሹንና ከዚያም በላይ ይሰጣሉ። ከ97ቱ 48 ዶላር ከ50 ሳንቲም የእሱ ሆነ።

ደስታው ሦስት ቀን ቆየ። ዕቃው በ60 ቀን ውስጥ ይመለሳል ይላልና እህቴ ገንዘቧን አስመለሰች። ኮሚሽኑም አብሮ ተመለሰ። ይባስ ብሎ ኩባንያው ማስጠንቀቂያ ላከበት፤ ለቤተሰብ መሸጥ ክልክል ነው። የእናትና የልጅ ስም በእኛ ወግ አይገናኝም፣ በስም ማንም አይነቃባቸውም ነበር። ያጋለጣቸው አድራሻቸው ነው። እንግዲህ ለዘመድ እንዳይሸጥ የተከለከለ ሐበሻ ለማን ይሽጥ?

እሑድ ቤቴ መጣ። ምን እንደነካው እንጃ፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ጉልበቴን እንዴት እንዳደረገኝ ጠየቀ። ባለቤቴ ቡና አፈላች። አቦሉን ጠጥቶ ስለ ዝናቡ አወራ። ቶናውን ጠጥቶ የአገር ቤት ሰዎችን አንድ በአንድ አነሳ፣ የሞቱትን ነፍስ ይማር አለ። በረካው ላይ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ነበረኝ…»

ካርዴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ስንት ነው?»

«ኧረ ጋሼ! ገና ምን እንደሆነ እንኳ አልነገርኩዎትም!»