ይድረስ ለቀሩት አንድ ሰው

ክቡር አንድ ሰው፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን። ናፍቆቱን ለደብዳቤ ወግ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልዎት። ደሴ መናኸሪያ፣ በጠዋት ብርድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ኩርምት ብለን የምር ናፍቀንዎታል።

መልክዎን አላውቀውም። ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ሻንጣ ይያዙ በግ ይጎትቱ፣ አይቶ የነገረኝ የለም። ስምዎን ግን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ፣ ገባ በል ሂያጅ ነው!» እሮጣለሁ። ገብቼ ሳይ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ ዶሮ የታቀፉ አንዲት እናት እና ዶሮዋ ነን። «ሌላው ሰውስ?» ስለው ረዳቱ አያፍርም። «አብሽር ወንድሜ፣ ሻይ ሊጠጡ ወርደው ነው» ይለኛል።

አንዳንዴ ደግሞ እውነትም ሞልቶ አገኘዋለሁ። ደስ ብሎኝ እቀመጣለሁ። ይሄኔ ከኋላ ሦስት ጎረምሶች ተራ በተራ ይወርዳሉ። ለካ ወንበር ሊያሞቁ የተቀመጡ የረዳቱ ጓደኞች ናቸው።

ሲመጡም እኮ አያሳርፉም! እርስዎ ገብተው በሩ ሊዘጋ ሲል «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይባላል። ለማን? ለአንድ ሰው። እርስዎ መጥተውም እርስዎ ይጠበቃሉ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመግባት አንድ ሰዓት አይሞላም። እርስዎን የመጠበቂያው ሰዓት ግን የትኛውም ካርታ ላይ አልተጻፈም።

እናም ባለፈው ክረምት ከእርስዎ ለመሸሽ ወሰንኩ።

ባለቤቴ ዕቁብ ደረሳት። ነሐሴ ነበር። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቧል። ካልሲ ታጥቦ አይደርቅም። ስልኳን አምጥታ የዛንዚባርን ፎቶ አሳየችኝ። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ዘንበል ያለ የኮኮናት ዛፍ። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ፎቶው ውስጥ አንድም ረዳት የለም። «እንሂድ» አልኳት።

ወቅቱም ጥሩ ነበር። ዛንዚባር ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። አነስ ያለው ኅዳር አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ፋሲካን እዚያ ላሳልፍ የሚል ሰው ዣንጥላውን ይያዝ። እኛ ክረምት ላይ ስንርስ ግን እነሱ ዘንድ ደረቅና ነፋሻ ነው።

ጎረቤታችን እማማ ነገሩን አቦል ላይ ሰሙት። አልወደዱትም። «አንተ ልጅ፣ ባሕር ካማራችሁ ሐይቅ አለላችሁ አይደል? ሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድ! ብሩን ምን አስጠላችሁ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ሐይቅ ለመሄድም እኮ አንድ ሰው ይቀራል» አልኳቸው።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ያረቢ! ያ ሰውዬ እስካሁን አልመጣም?»

ይኸውልዎት፣ እሳቸው ዘንድም ታዋቂ ነዎት።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄድን። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አውሮፕላኑ ግን ወንበሩን እንደያዘ ተነሳ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ማንም «አንድ ሰው» አላለም። ወንበሩ የእርስዎ እንደሆነ ስለገባኝ ቀበቶዎን አሰርኩልዎት። እስከ ቦሌ ድረስ እየዞርኩ አየሁዎት። አልነበሩም። እንዴት ደስ ይላል!

ደስታዬ ቦሌ ላይ አለቀ። ከቦሌ ዛንዚባር ቀጥታ በረራ አለ፤ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ሁላችንም ገብተን ተቀምጠናል። በሩ አይዘጋም። ለካ አንድ መንገደኛ ሻንጣውን አስገብቶ ራሱ ቀርቷል። ሰውየው ካልመጣ ደግሞ ሻንጣው ተፈልጎ መውረድ አለበት። የደኅንነት ደንብ ነው፣ አልቃወምም። ግን ከዚያ ሁሉ ሻንጣ መሃል የእርስዎ እስኪገኝ ድረስ ሕፃናቱ አልቅሰው፣ ተኝተው፣ ነቅተው እንደገና አለቀሱ። ባለቤቴ ጆሮዬ ሥር «ሰውዬህ ፓስፖርት አውጥቷል» አለችኝ።

ዛንዚባር ስንደርስ ቢጫ ካርዳችንን አሳየን። የቢጫ ወባ ክትባት ማለት ነው፤ ከኛ አገር የሚሄድ ሰው ይጠየቃል። የጉዞ መድኑንም ቀድመን ከፍለን ነበር። ከፈረንጆቹ ኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 44 ዶላር ግዴታ ሆኗል። ሌላ አገር የገዛችሁት መድን አይተካውም። ይህን ሳያውቅ ሄዶ መስኮቱ ፊት ኪሱን የሚዳብስ መንገደኛ ብዙ ነው።

ቀሪው ነገር ለወሎ ሰው ቀላል ነው። «አሰላሙ አለይኩም» ስትል ይመልሱልሃል። አዛን ሲሰማ ደሴ ያለህ ይመስልሃል። ሰዓቱ ራሱ እንደኛው ነው። ሰዉ እርስ በርሱ ሲያወራ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚለው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ ጣታቸውን እያጠፉ ስድስት ሲደምሩና ሲቀንሱ እኛ በኩራት አየናቸው። ሰዓቱ እንደኛው ከሆነ ቀጠሮውም እንደኛው እንደሚሆን ያኔ መጠርጠር ነበረብን።

ከስቶን ታውን፣ ከዛንዚባር አሮጌው ከተማ ማለት ነው፣ ወደ ሰሜኑ ኑንግዊ ለመሄድ ዳላዳላ ያዝን። ዳላዳላ የእነሱ ታክሲ ነው። ትንሽ የጭነት መኪና ናት፤ ከኋላዋ ግራና ቀኝ አግዳሚ ተደርጎላታል። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው አንገቱን ሰብሮ ነው የሚቀመጠው። ሻንጣው፣ ሙዙ፣ ፍራሹ ጣሪያ ላይ ይጫናል። ርካሽ ናት። ፈረንጁ በብዛት የግል ታክሲ ተኮናትሮ ሲሄድ እኛ የዕቁብ ብር ነውና በዳላዳላ።

ተቀመጥን። ሞላ። ጉልበት ከጉልበት ተጠላለፈ። ረዳቱ በአንድ እጁ ሳንቲም እያንቃጨለ ወደ መንገዱ ዞረ። ከዚያ ሌላውን እጁን አነሳ። አንድ ጣት።

ክቡርነትዎ፣ ያቺን ጣት ሳያት ላብ አጠመቀኝ። ቋንቋውን አልሰማም፤ ጣቷን ግን አውቃታለሁ። አጥንቴ ድረስ አውቃታለሁ። ባለቤቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አንድ ሽማግሌ ምን እንዳሳቃት ሳይገባቸው አብረዋት ሳቁ። እርስዎ ዘግይተው መጡ፤ አግዳሚ ስላልነበረ መሃል ላይ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ወዲያው ጣቷ እንደገና ተነሳች።

ይህን ሁሉ ይቅር እልዎት ነበር። የጀልባውን ግን አልልም።

ስቶን ታውን ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ ናኩፔንዳ የሚባል የአሸዋ ደሴት አለ። ዛፍ የለው፣ ቤት የለው፣ ንጹሕ ነጭ አሸዋ ብቻ። ደሴቱ ግን የሰዓት እላፊ አለበት። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከጉድለት እስከ ሙላት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሲጎድል ደሴቱ ይወጣል። ሲሞላ ደሴቱ የለም። ስለዚህ ጀልባ የሚነሳው ባሕሩ ባለው ሰዓት ነው። ካፒቴኑ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቃል። ለዚህም ነው «በጠዋት ኑ» ያለን።

በጠዋት መጣን። ሁለት ጀርመኖች አሉ፤ ከዳሬሰላም የመጡ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው አሉ፤ እኛ አለን። የሕይወት አድን ጃኬታችንን ለብሰናል። እኔ ዋና ስለማልችል የኔን ሁለት ጊዜ አጥብቄያለሁ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጠፋ። ካፒቴኑ ወደ ዳርቻው አየ። እኛም አየን። ምን እንደምናይ የነገረን የለም። እኔና ባለቤቴ ግን አወቅን።

በ1888 ዓ.ም. ነሐሴ፣ አድዋ በሆነበት ዓመት ማለት ነው፣ እንግሊዝ ከዛንዚባር ሱልጣን ጋር ተዋግታ ነበር። በታሪክ አጭሩ ጦርነት ይባላል። 38 ደቂቃ አካባቢ ነው የፈጀው። እኛ እዚያው ወደብ ላይ ለእርስዎ ጃኬት ለብሰን በተቀመጥንበት ጊዜ ያ ጦርነት ተጀምሮ፣ አልቆ፣ እርቅ ይወርድ ነበር።

መጨረሻ ላይ ባለቤቴ ተነሳች። የደሴ ልጅ ናት፤ መፍትሔውን ታውቀዋለች። «የአንዱን ሰው ሒሳብ እናዋጣና እንሂድ» አለች። በእንግሊዝኛም በእጅም አስረዳች። ጀርመኖቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ለሌለ ሰው ለምን ይከፈላል? የዳሬሰላሙ አባወራ ግን ሳትጨርስ ቦርሳውን አወጣ። አፍሪካ አንድነቷን ያየሁት ያን ቀን ነው። ተዋጣ። ካፒቴኑ ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። ሞተሩ ተነሳ።

ይሄኔ ሐብሐብ የታቀፈ ሰውዬ በውሃው ውስጥ እየሮጠ መጣና ዘልሎ ገባ። እኛ በከፈልንበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለካፒቴኑ ብር ሲሰጠው በዓይኔ አየሁ።

እርስዎ ነበሩ? እውነቱን ይንገሩኝ። አንድ ወንበር ሁለት ጊዜ ተሸጦ፣ ሁለቱንም ጊዜ የተገዛው በእርስዎ ስም ነው።

ናኩፔንዳ ስንደርስ የቀረው የአንድ ሰርግ ድንኳን ያህል ነው። ፎቶው ላይ ያለው አሸዋ ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋ ነበር። ቀድመው የመጡት ጀልባዎች ዕቃቸውን እየጫኑ ነው። ሐብሐቡ ተቆረጠ። ቆመን፣ ቁርጭምጭሚታችን ውሃ ውስጥ ሆኖ በላነው። አንዱ ጀርመን ጫማውን አሸዋው ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ዞር ሲል አንደኛው እግር መንገድ ጀምሯል። ለነገሩ ሐብሐቡ ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ ቻንጉ ደሴት ወሰዱን። የእስር ቤት ደሴት ይሉታል። እስር ቤቱ በፈረንጆቹ 1890ዎቹ ውስጥ ተሠርቶ አለቀ፤ ግን አንድ እስረኛ እንኳ አልታሰረበትም። በሽታ ይዘው የሚመጡ መንገደኞች ተለይተው የሚቆዩበት ሆነ። አስጎብኚው ምክንያቱን ሊያስረዳ ሲጀምር ባለቤቴ «አንድ ሰው ቀርቶ ነው» አለችኝ።

እዚያ ግዙፍ ኤሊዎች አሉ። በፈረንጆቹ 1919 የሲሸልስ ገዥ አራት ኤሊ በስጦታ ልኮ ነው የተጀመሩት። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። መቶ ያለፋቸው አሉ። አንዱን ቅጠል አጎረስኩት። አንገቱን አውጥቶ፣ ቀስ ብሎ አላምጦ፣ ወደ ጀልባዎቹ አቅጣጫ አየ። ጠረጠርኩ። ይህ ፍጡር የመጣው ለአንድ ቀን ጉብኝት ይሆናል። የመመለሻው ጀልባ ግን አልሞላም።

በምሥራቁ በኩል ፓጄ የሚባል ቦታም ሄደን ነበር። እዚያ ባሕሩ ሲጎድል እስከ ሩቁ የኮራል ዐለት ድረስ ጥሎህ ይሄዳል። መዋኘት ያማረው ሰው ወይ ሙላቱን ይጠብቃል፣ ወይ እንደ ኑንግዊና ኬንድዋ ባሕሩ ብዙ ወደማይሸሽበት ሰሜን ይሄዳል። በባዶ እግር መግባት ደግሞ አይመከርም፤ እሾሃማ የባሕር ፍጡር አለ። ከዚያ ቦታ ልቤ የቀረው ሴቶቹ ጋ ነው። ውሃው ሲሸሽ ገብተው እንደ ሰብል በገመድ አስረው የሚያበቅሉትን የባሕር አረም ይንከባከባሉ፣ ይሰበስባሉ። ውሃው ሲመለስ ይወጣሉ። ማንም ማንንም አይጠብቅም። እግር ኳስ እንደማይ ፈዝዤ አየኋቸው።

ተመለስን። እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁን። አሸዋ ያመጣንላቸው መስሏቸው ሻንጣውን አዩት። ከዚያ ያችኑ ጥያቄ ደገሙ። «ሐይቅ ምን ጎድሎት ነው?»

አሁን ሳስበው ምንም አልጎደለውም። ያውቁ እንደሆነ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስም ድሮ ደሴት ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩበት ዙሪያው ውሃ ነው። ዛሬ ግን በእግር ይገባል። ሊቃውንቱ ውሃው ሸሽቶ ነው ይላሉ። እኔ የራሴ ግምት አለኝ። ጀልባው አንድ ሰው ቀርቶት አልነሳ ሲል፣ ደሴቱ መጠበቅ ሰልችቶት ራሱ ወደ የብስ መጥቷል።

ቅዳሜ ልንሄድ ነው። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ባለቤቴ ዳርቻው ላይ ዓሣዋን ትበላለች፤ እኔ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ከመናኸሪያው እስከ ሐይቅ ከተማ ግን በሚኒባስ ነው። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። የሚመጡ ከሆነ በአንድ ሰዓት ይገኙ። የማይመጡ ከሆነ ለረዳቱ በጊዜ ይንገሩት። የጀልባውን መዋጮ ግን በማንኛውም መንገድ ይመልሱልን፤ ጀርመኖቹ እየጠየቁን ነው።

አክባሪዎ፣
ከኋላ ወንበር፣ ከሻንጣው ሥር