«ጸልይ» ብሎ መሄድ

ካቻምና በዐቢይ ጾም፣ የመፃጉዕ እሑድ፣ በምኖርባት የጀርመን ከተማ ከካቶሊኮች ተከራይተን በምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው አልቆ ሰዉ በነጠላው ላይ ካፖርቱን ሲደርብ፣ ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመን ስናስቀድስ የኖርነውን አንድ ወንድሜን ክንዱን ይዤ «ደክሞኛል፤ በቃኝ ልል ነው» አልሁት። የዕለቱ ስብከት 38 ዓመት በአልጋው ላይ ስለኖረው፣ ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው «ሰው የለኝም» ብሎ ስለመለሰው በሽተኛ ነበር። ወንድሜ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ጸልይ ወንድሜ፣ ጸልይ» ብሎኝ ባቡሩ እንዳያመልጠው ፈጥኖ ወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የዚያን ዕለት ማታ ሥራ ገቢ እንደነበረም አውቃለሁ። ቢሆንም ያቺ ቃል ከውስጤ አልወጣችም። ይህን የምጽፈውም እንደ እኔ ተብሎ ቆሞ የቀረ፣ እንደ እርሱም ብሎ የሄደ ብዙ ወገን እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ያደከመኝን ነገር ባጭሩ ልናገር። ሚስቴና ልጄ ድሬ ዳዋ ናቸው። እነርሱን ለማምጣት ያስገባሁት ማመልከቻ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶብኝ ነበር፤ በመጀመሪያ በጋብቻው ወረቀት፣ ቀጥሎ በልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት፣ በመጨረሻም የተከራየሁት ቤት ለሦስት ሰው ይጠብባል ተብሎ። ልጄ ስለያት ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ ዛሬ በስልክ ከፍታ የምታሳየኝ የአራተኛ ክፍል ደብተሯን ነው።

ተስፋ መቁረጥ ባንድ ቀን ቤት አይገባም። በመጀመሪያ የቀረብኝ የማታው ስግደት ነበር፤ ለዚያም ሌሊቱን በሥራ ቆሜ እንደማድር ምክንያት አቀረብሁ። ቀጥሎ ውዳሴ ማርያሙን ማንበብ ትቼ ከስልኬ ማዳመጥ ጀመርሁ፤ ከዚያ እየሰማሁ መተኛት፣ ከዚያም ጨርሶ አለመክፈት መጣ። በመጨረሻ ሚስቴ ስትደውል የስልኩን ብርሃን እያየሁ ሳላነሣ እስኪጠፋ መጠበቅ ጀመርሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

አባቶች ይህን መንፈስ በደንብ ያውቁታል። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግሪዮስ ስለ መታከት ጋኔን ሲጽፍ፣ በቀትር መጥቶ ፀሐይዋ የቆመች፣ ቀኑም 50 ሰዓት የረዘመ ያስመስላል ይላል፤ መነኩሴው በዓቱን እንዲጠላ፣ በወንድሞቹም ዘንድ ፍቅር እንደጠፋና የሚያጽናናው ሰው እንደሌለ አድርጎ እንዲያስብ ያደርገዋል። እኛም በዳዊት 90ኛው መዝሙር «ከቀትር ጋኔን» እያልን የምንደግመው ይህንኑ ነው። ድሬ ተወልዶ ላደገ ሰው ቀትር ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ውሻ እንኳ ራሱን ቀና የማያደርግበትን ጊዜ ያውቀዋል። አባቴ ዳዊቱን የሚደግመው በዚያ ሰዓት፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ ነበር፤ ለምን ሌሊት በቀዝቃዛው እንደማያደርገው ሳልጠይቀው ሞተ። እኔ በምሠራበት መጋዘን ቀትር የሚሆነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ካርቶኑ በተንቀሳቃሹ መስመር ላይ ይመጣል፣ አነሣለሁ፣ ሌላው ይመጣል፤ ሰዓቱን አይቼ ከረጅም ጊዜ በኋላ መልሼ ሳየው አራት ደቂቃ ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከመፃጉዕ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ማክሰኞ ለረቡዕ ሌሊት፣ በባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለዓመታት እያየሁት ሳልፍ የኖርሁትን የስልክ ቁጥር ደወልሁ። ጀርመኖች ቴሌፎንዜልዞርገ ይሉታል፤ ነፍስን በስልክ መንከባከብ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በርሊን ውስጥ የተጀመረ፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚደግፉት፣ ሌት ተቀን የማይዘጋና የማያስከፍል አገልግሎት ነው፤ ስልኩን የሚያነሡትም በአብዛኛው ለዚሁ ሠልጥነው በነጻ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። ያነሡልኝ በድምፃቸው ሸምገል ያሉ ሴት ነበሩ። ጀርመንኛዬ ሲሰናከል ቃል አላቀበሉኝም፤ እስካገኘው ድረስ ጠበቁኝ። ብዙ ከተናገርሁ በኋላ «ዛሬ ምግብ በልተሃል?» ብለው ጠየቁኝ። አልበላሁም ነበር። «እንግዲያውስ ስልኩን ሳትዘጋ ሄደህ አንድ ነገር ብላ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉኝ። ዳቦ ቆርሼ በሻይ ስበላ እኒያ ሴት ምንም ሳይናገሩ ጠበቁኝ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር።

ነቢዩ ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፣ ስለ እምነትም አላስተማረውም። የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ከራስጌው አኑሮለት «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በልቶ ተመልሶ በተኛም ጊዜ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰው፤ የሚሄድበት መንገድ ሩቅ ነበርና። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ሌሊት ነው፣ ያውም ፊታቸውን ካላየሁት ጀርመናዊት አፍ። አብያተ ክርስቲያናቸው ባዶ እንደሚውሉ፣ ሕዝቡም ከአባልነት እየወጣ እንደሆነ እያነሣን እኛ ስንት ጊዜ አዝነንላቸዋል! የእኛ ቤተ ክርስቲያን እሑድ እስከ ደጁ ይሞላል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ማክሰኞ ሌሊት ስልክ የሚያነሣልን ግን ማን ነው?

አምና ታኅሣሥ፣ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለገብርኤል ድሬ ገባሁ። ከሁሉ በፊት ልጠይቃቸው የሄድሁት በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩትን አንዲት እናት ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እርሳቸውም ቤታቸውንና አንዲት ልጃቸውን አጥተዋል። እኔ የማስታውሳቸው ጎህ ሳይቀድ ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን ሲወጡ ነው፤ እንዲህ ያለ እምነት ከእናታቸው ማሕፀን ይዘውት የወጡ ይመስለኝ ነበር። «እማማ፣ ያን ሁሉ እንዴት ቻሉት?» አልኋቸው።

«እኔ መቼ ቻልሁት ልጄ!» አሉ። «ዓመት ሙሉ ከአፌ ጸሎት አልወጣም። አቡነ ዘበሰማያት እንኳ መሐል ላይ ይቆምብኝ ነበር። የማኅበራችን ሴቶች ተራ ገብተው ይመጣሉ፤ አንዷ ቡናውን ታፈላለች፣ አንዷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ውዳሴ ማርያሙን ትልልኛለች፤ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ በረመዳን ሾርባዋን ይዛ ትመጣና እስክጠጣው ቆማ ትጠብቀኛለች። የነፍስ አባቴም ይመጣሉ፤ ጠበል ረጭተውኝ ቡናቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ፤ ለምን ቤተ ክርስቲያን ቀረሽ ብለውኝ አያውቁም። አንድ ቀን የጥቅምት ማርያም ለት ይመስለኛል፣ ከማኅበራችን የአንዲት ልጅ ተራ ነበረና ስታነብ ተሳሳተች፤ እኔ አረምኋት። ከዚያ ጀምሮ እኔው እለው ጀመር።» ይህን ካሉ በኋላ ትሪውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «በል መጀመሪያ ብላ፣ የአንተን ደግሞ ከበላህ በኋላ ትነግረኛለህ» አሉኝ።

ያቺን ስሕተት የሠራችውን ልጅ ደጋግሜ አስባታለሁ። ዓመት ሙሉ የተነበበላቸው ጸሎት ሁሉ አንዲት የተሳሳተች ቃል እስክትመጣ ድረስ በውስጣቸው ተጠራቅሞ ቆይቷል። እኔ ጸሎት የጠንካራ ሰው ሥራ ይመስለኝ ስለነበር ስደክም ጸሎቴም የሞተ መሰለኝ፤ እርሳቸው ግን የራሳቸው ሲያልቅ በሌላ ሰው ጸሎት ላይ ተቀምጠው ከረሙ። እኛ ከአገር ስንወጣ ጸሎቱን፣ ጾሙን፣ ነጠላውን ይዘን ወጣን፤ ተራ ገብታ የምትመጣዋን ሴት ግን ይዘን አልወጣንም። እዚህ የማኅበር ጽዋ አለን፤ አዳራሽ ተከራይተን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ በሦስት ሰዓት ጨርሰን እንለያያለን። ሁለት ወር የቀረ ሰው ቢኖር «የት ጠፋህ?» ብለን በስልክ መልእክት እንጽፍለታለን፤ ካልመለሰልን ሥራ በዝቶበት ይሆናል እንላለን። መፃጉዕ ሰው የለኝም ያለው ሰው በሞላበት የመጠመቂያ ስፍራ ተኝቶ ነው።

አገር ቤት ሁሉ ነገር ደኅና ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በዚያው ሰፈር አንድ ወጣት ለወራት ከክፍሉ አልወጣም አሉኝ፤ ከፊሉ «ጫት ነው» አለ፣ ከፊሉ «ሰይጣን ነው» አለ፣ ጠበል ወሰዱት፣ ሐኪም ዘንድ ግን ማንም አልወሰደውም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል፤ ጠበሉንና ሐኪሙን የሚያጣላ መጽሐፍ አላየሁም። ደግሞም በጅቡቲ ኦቦክ አቋርጠው በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት ብዙ ልጆች የሚያልፉት በድሬ በኩል ነው፤ በቃኝ ማለት እዚያም መንገድ ጀምሯል። ለወጣቶቹ ተራ ገብቶ የሚመጣላቸው የለም፤ እናቶቹ የሚመጡት ለቅሶ ሲሆን ነው።

ታኅሣሥ 18 ቀን ከሚስቴ ጋር በእግር ወደ ቁልቢ ተነሣን። ራስ መኮንን ለዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው ከድሉ በኋላ አሠሩት የሚባለው ደብር ከድሬ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ቁልቢ ከ2000 ሜትር በላይ ደጋ ላይ ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ከደንገጎ ዳገት ጀምሮ ልብን ይፈትናል። ዳገቱን ሳንጨርስ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የቆመ እግር ዳገት ረስቷል። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና «አንቺ ሂጂ፣ እኔ በመኪና እመጣለሁ» አልኋት። ሚስቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ከፌስታሏ ሸንኮራ አገዳ አውጥታ በጥርሷ ልጣ ሰጠችኝ። አላባበለችኝም። በፊታችን አንዲት ሴት ድንጋይ በጀርባዋ አዝላ፣ ከኋላዋ ልጇ ያልተዘረጋ ጃንጥላ ይዞ አለፉ። ከዚያ ሚስቴ መንገዱን እያየች «ስልኩን ማንሣት ያቆምህ ጊዜ ነው የተሳልሁት» አለችኝ። «ጸልየህ አይሆንም፣ አንተን አውቅሃለሁ፤ ለአንተም ለእኔም እኔ ጸለይሁ።» የሚያልፍ የድሬ ልጅ «አቦ ተነሡ እንጂ፣ ደርሳችኋልኮ!» ብሎ እጄን ይዞ አስነሣኝ። ገና ብዙ ይቀረን ነበር። ማለዳ ላይ የቅዳሴው ድምፅ ሲሰማን ያ ልጅ ከፊታችን ነበር።

ወደ ጀርመን ስመለስ ታኅሣሥ አላለቀም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይጨልማል። ማመልከቻውን ለአራተኛ ጊዜ አስገብቻለሁ፤ መልስ አልመጣም። ማታ ማታ ሚስቴ ስትደውል ስልኩን አስደግፌ አኖረዋለሁ፤ እርሷ ታነባለች፣ ልጃችን ትከተላለች፣ እኔ አንዳንድ ቀን እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን እሰማለሁ።

ያን ወንድሜንም አገኘሁት። ለወራት ቂሜን ይዤበት ስለነበር የመፃጉዕ ዕለት ያለኝን ነገርሁት፣ እንደጎዳኝም አልደበቅሁትም። ረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። «ሌላ የምልህ አልነበረኝም» አለኝ። «ያን ጊዜ እኔም ከጸለይሁ አራት ወር አልፎኝ ነበር። የቀረኝ ቃሉ ብቻ ነበር፤ እርሱን ሰጥቼህ ሮጥሁ።»

ማክሰኞ ሁለታችንም ዕረፍት ነን። በሊቢያ በኩል የመጣ፣ ከመስቀል ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ያልታየ አንድ ልጅ አለ፤ የሚኖረው በከተማው ዳርቻ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ማክሰኞ በሶና አንድ ድፎ ዳቦ ይዘን ሄድን። መጀመሪያ አልከፈተልንም፤ ከውስጥ ግን የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማ ነበር። ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ተቀመጥሁ፣ ዳቦውን በመካከላችን አኖርነው። መብራቱ በየሁለት ደቂቃው ሲጠፋ ተራ በተራ እየተነሣን እናበራዋለን። ከብዙ ቆይታ በኋላ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ።