ተባርሮም ይከፈለዋል

ባለፈው ክረምት ጎንደር፣ አጎቴ ቤት ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ወሬው ያው ኳስ ነው። ክለቦች አሰልጣኝ የሚያስፈርሙበት ወቅት ነውና፣ ጋሼ ለፋሲል ከነማ ማን እንደሚሻል ሲያማርጡ አረፈዱ። የ2013ቱ የሊግ ዋንጫ ዛሬም ከአፋቸው አልጠፋም። እሳቸው ሁለት ጨዋታ የተሸነፈን አሰልጣኝ ሦስተኛውን አይጠብቁለትም።

እኔ ደግሞ ማስተማር አማረኝ። ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሁሉ ይሄ በሽታ አለበት።

"ጋሼ፣ እኛ ጋ እኮ እንዲህ አይቸኮልም" አልኳቸው።

የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የከተማዋ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዊዛርድስ፣ በፈረንጆቹ 2023-24 ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 15ቱን ብቻ ነው። በክለቡ ታሪክ እንዲህ የከፋ ዓመት አልነበረም። 7 አሸንፎ 36 እንደተሸነፈ አሰልጣኙን ዌስ አንሰልድ ጁኒየርን ወደ ቢሮ ሥራ አዛወሩት። አባቱ በፈረንጆቹ 1978 ክለቡ ብቸኛ ዋንጫውን ሲያነሳ የቡድኑ ምሰሶ ነበር፤ የእሱን ልጅ በአደባባይ ማባረር ይከብዳል። ረዳቱ ብራያን ኪፍ በጊዜያዊነት ተረከበና ከ39 ጨዋታ 8 አሸነፈ። ከዚያ ቋሚ አሰልጣኝ አደረጉት።

"8 አሸንፎ?"

"ልጆቹን ያሳድጋል ብለው ነው ጋሼ።"

ኤንቢኤ በሚባለው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ውስጥ መውረድ የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም ከመጨረሻ ያሉት ሦስት ቡድኖች፣ ከአዲሶቹ ወጣቶች የመጀመሪያውን ለመምረጥ በሚወጣው ዕጣ ያኔ እያንዳንዳቸው 14 በመቶ ዕድል ነበራቸው። ዊዛርድስ በቀጣዩ ዓመት 18 አሸነፈ፤ ዕጣው ግን ስድስተኛ መራጭ አድርጎት አረፈ።

"ላም አለኝ በሰማይ!" ሳቁ ጋሼ። "እኛ እንደዚያ ብንሸነፍ እኮ ታች ሊግ ነን።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። የዲትሮይትን አነሳሁ። የከተማዋ ቡድን ፒስተንስ በዚያው በ2023-24 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ፣ በ14 ድል ጨረሰ። አሰልጣኙ ሞንቲ ዊሊያምስ የ6 ዓመት፣ የ78.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ነበረው። በዓመቱ አሰናበቱት።

"የቀረው አምስት ዓመትስ?"

"ይከፈለዋል።"

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ተባርሮ?"

አልፈረድኩባቸውም። እኛ አገር ውሉ ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው፤ ሥራ ላይ ያለው ሰው ራሱ ደሞዝ ዘገየብኝ ሲል እንሰማለን። እዚያ ማባረር ዋጋ አለው፤ ባለቤቱ ከኪሱ እያወጣ ነው የሚቆጣው።

በምትኩ የመጣው ጄ.ቢ. ቢከርስታፍ ነው። እሱም ሌላውን ቡድን፣ ክሊቭላንድን፣ ለዋንጫ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ ለሁለተኛው ዙር አድርሶ፣ ከመባረር አልዳነም። ዲትሮይት ላይ ዋናዎቹ ልጆች እነዚያው ሆነው፣ ጥቂት ልምድ ያላቸው ተጨምረውለት፣ በመጀመሪያ ዓመቱ 44 ጨዋታ አሸነፈ።

"እንግዲህ የታገሰው 18፣ የቸኮለው 44" አሉ ጋሼ።

መልስ አልነበረኝም። በረካው ተቀዳ።

"ያ የተባረረው ሰውዬ ጎንደር ና ቢሉት ይመጣል?"

"ጋሼ፣ የእሱ እኮ የቅርጫት ኳስ ነው።"

"ይሁና! ደሞዙን እንደሆነ እዚያው ይከፍሉልናል።"