ልጆች ከጥሩ ማዕድ አይራቁ፤ ሰዓቱ ግን ይመረጥላቸው

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ከጥቂት ወራት በፊት ደውሎ አንድ ጉዳይ አማከረኝ። ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኦርላንዶ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው የዋልት ዲዝኒ ወርልድ የመዝናኛ ስፍራ ለአንድ ሳምንት ሊሄድ ተዘጋጅቷል፤ ከምሽቶቹ በአንዱ ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ ጥሩ ልብስ አስለብሶ በስፍራው ካሉት በጣም ውድ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ሊወስድ አስቧል። ትልቋ ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ትንሹ ገና አራት አልሞላም። «እትዬ፣ ይህን ልጅ እዚያ ይዤ ብገባ ነውር ይሆናል?» አለኝ።

ወንድሜን ግራ ያጋባው ከጓደኞቹ የሰማው ሁለት ዓይነት ምክር ነበር። አንዱ «ለአንድ እራት ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለ ሰው የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ የመስማት ግዴታ የለበትም» ብሎታል፤ ሌላው ደግሞ «ለልጆች ተብሎ በተሠራ ቦታ ልጅን ትቶ እራት መብላት ምን የሚሉት ዕረፍት ነው?» ብሎታል። ሁለቱም ስለ ደንበኛ መብት ይከራከራሉ፤ ልጁ በዚያ ሰዓት በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ግን የጠየቀ የለም። እኔ ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የሰዓትና የድካም ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ትንሽ ልጅን ጥሩ ምግብ ቤት መውሰድ ተገቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በፓርክ ሲሯሯጥ በዋለበት ዕለት ማታ መውሰድ ግን በልጁም፣ ጎን ባለው ጠረጴዛ በተቀመጠው ሰውም፣ በአስተናጋጁም ላይ መጨከን ነው።

ይህን ለማለት ያበቃኝ በራሴ የደረሰው ነው። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጅማ ተነሥተን፣ በሰኮሩና በጊቤ ሸለቆ አቋርጠን፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ አደርን። የአምስት ዓመቱ ልጄ በመንገዱ ጥምዝምዝ ሁለት ጊዜ አስመልሶታል። በማግሥቱ ጠዋት ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የውሃ መዝናኛ ፓርክ ሄድንና ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከውሃው አልወጣ አለን፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ከአፉ የገባው ግማሽ ሳህን ችፕስና አንድ ብርጭቆ ጁስ ብቻ ነው። ባለቤቴ የጋብቻችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ፣ ለዚያው ምሽት ሐይቅ ዳር ባለ፣ ነጭ የጠረጴዛ ጨርቅ በሚነጠፍበት ምግብ ቤት አስቀድሞ ቦታ ይዞልን ነበር።

የገባነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሜኑው መጥቶ፣ ትዕዛዙ ተወስዶ፣ ሾርባው እስኪቀርብ አርባ ደቂቃ ያህል አለፈ። ልጄ መጀመሪያ ሹካውን ከቢላዋው ጋር ማጋጨት ጀመረ፤ ስከለክለው ጀርባውን እያንሸራተተ ከወንበሩ ወርዶ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ እጁን ይዤ ሳወጣው የጨርቁን ጫፍ ጨብጦ ኖሮ አንድ ብርጭቆና ውሃ የሞላው ጆግ ተከትለውት ወረዱ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። እኔ በመጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነበር፤ ከእፍረቱም የተነሣ ልጁን በጆሮው ተቆጣሁት። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ግን ቀሚሳቸው ላይ የተረጨውን ውሃ በሶፍት እየጠረጉ «አይዞሽ ልጄ፣ ደክሞት ነው» አሉኝ። ልብ ብዬ ሳየው እውነትም ዓይኑ ደም መስሏል፤ የጣቶቹ ጫፍ ከውሃው ብዛት እንደተጨማደደ ነው። የታዘዘው ዓሣ ለብለብ ሲደርስ ልጄ መኪና ውስጥ አባቱ ክንድ ላይ ተኝቶ ነበር። እኔና ታላቅ እኅቱ ሁለታችን ብቻ፣ ያለ አንዳች ጨዋታ፣ የምንችለውን በልተን ወጣን።

ትልቅ ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፣ ወይም ደከመኝ ይላል። ትንሽ ልጅ ሲደክመው ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይሆናል፤ ይቅበጠበጣል፣ ድምፁ ይጨምራል፣ በትንሽ ነገር ይነጫነጫል፣ የተራበ መሆኑን ራሱም ሳያውቀው የመጣለትን ምግብ ይገፋል። እኛ ይህን ሁኔታ አይተን «ቀበጠ»፣ «ሰው ሲያይ ይብስበታል» እንላለን። የፓርክ ውሎ ደግሞ እንደ ሌላው ቀን ውሎ አይደለም። በኦርላንዶ የበጋ ወራት (በእኛ ክረምት ማለት ነው) ሙቀቱ ኃይለኛ ነው፤ ከሰዓት በኋላም ነጎድጓድ የተቀላቀለበት ዝናብ የተለመደ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ መሰለፍ አለ፤ ሲመሽ ደግሞ ርችት አለና ልጁ የሚተኛበት ሰዓት ይገፋል። ከአገራችን ተነሥቶ እዚያ ለሚሄድ ቤተሰብ የሰዓቱ ልዩነት ይጨመርበታል፤ በእነርሱ በጋ ኦርላንዶ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ጅማ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እራት ላይ የሚቀመጠው ልጅ ሰውነቱ የሚነግረው የጅማውን ሰዓት ነው።

የዲዝኒን ነገር ካነሣሁ አይቀር ብዙ ሰው የሚከራከርበትን አንድ ሕግ ላንሣ። ይህ ስፍራ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጀምሮ ስሙ ከልጆች ጋር የተያያዘ ነው፤ ሆኖም በግራንድ ፍሎሪዲያን ሆቴል ውስጥ ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርትስ የተባለው ምግብ ቤት ከ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን አያስገባም። ይኸው ቤት ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሽለን ኮከብ በ2024 እ.ኤ.አ. አግኝቷል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ቅር ብሎት ነበር፤ እኔ ግን ሕጉን ትክክል ነው እላለሁ። በዚያ ቤት ምግቡ በትንሽ በትንሹ፣ ተራ በተራ የሚቀርብ በመሆኑ እራቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ የአራት ዓመት ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ መጠበቅ ከዕድሜው በላይ መጠየቅ ነው። ከዚህም ሌላ ሕጉ ወላጁ ቦታ ከመያዙ በፊት ተነግሮታል። በር ላይ በግልምጫ ከመሸኘት፣ ወይም አስገብቶ ምሽቱን ሙሉ ፊት ከማጥቆር፣ አስቀድሞ መናገር እጅግ የተሻለ ነው።

ሕጉ ግን የአንድ ቤት ሕግ ነው። በዚያው ስፍራ ያሉት ሌሎቹ ውድ ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ ልጆችን ይቀበላሉ፤ ከ3 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች የተለየ ሜኑ ወይም የተለየ ዋጋ አላቸው። በቤተ መንግሥቱ ቅርጽ ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው የሲንደሬላ ምግብ ቤት ርካሽ አይደለም፤ ይሁንና የተረት ልዕልቶችን መስለው የለበሱ ተዋንያን በየጠረጴዛው እየዞሩ ልጆቹን ስለሚያነጋግሩ ልጁ ምግቡ እስኪመጣ የሚጠብቀው ሌላ ነገር አለው። ስለዚህ ውድነቱ ብቻውን ልጅን የሚከለክል ምክንያት አይሆንም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቦታ አያያዙ ነው። በዲዝኒ ወርልድ ተፈላጊ የሆኑት ምግብ ቤቶች ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ይያዛሉ፤ በጊዜው ሳይሰርዝ የቀረ ሰውም በነፍስ ወከፍ ቅጣት ይከፍላል። ወላጁ ከሁለት ወር በፊት ቤቱ ተቀምጦ በመረጠው ሰዓት ላይ ልጁ ምን ሆኖ እንደሚውል ሊያውቅ አይችልም። ቀኑ ሲደርስ ልጁ ቢዝልም «ገንዘቡ ከሚቃጠል» ተብሎ ይገባል፤ የእኛም የቢሾፍቱ እራት ይህንኑ ይመስል ነበር። ስለዚህ ቦታ ሲያዝ መጀመሪያ የሚመረጠው ቀን ፓርክ የማይኬድበት ቀን ቢሆን፣ ሰዓቱም ልጁ በቤቱ ከሚበላበት ሰዓት ባያልፍ፣ የቀረው ሁሉ ይቀልላል። እራቱ ምሳ ቢሆንማ ከሁሉ ይሻላል።

እዚህ ላይ «እኛ ያደግነው ታላላቆቻችን ሲበሉ ውሃ ይዘን ቆመን ነው፤ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ገበታ አይቀርብም» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ያ ሥርዓት አክብሮትን አስተምሮናል፤ ነገር ግን ልጅን ከገበታ ማራቅ ብቸኛው የማስተማሪያ መንገድ አይደለም። በሰፈራችን በረመዳን ወር የጎረቤቶቻችን ልጆች ለአፍጥር ሲቀመጡ አይቻለሁ። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሳምቡሳውም፣ ሾርባውም፣ ተምሩም ፊቱ ተደርድሮ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ መጾም ግዴታው ስላልሆነ ቀን ምሳውን በልቷል፣ ከቀትር በኋላም ተኝቶ ተነሥቷል። አጠገቡ ያሉት ሁሉ እንደ እርሱ እየጠበቁ ነው፤ የሚጠብቁትንም ነገር ያውቀዋል። ይህ ልጅ ነጭ የጠረጴዛ ጨርቅ ያለበት ቤት ቢገባ የሚያሳፍር አይመስለኝም። መታገሥ የሚያስችለው እንቅልፉና ሆዱ ተጠብቀውለት ስለሆነ ነው።

ምግብ ቤቶቻችንም የድርሻቸውን አይወጡም፤ ይህን ስል ጅማንም፣ አዲስ አበባንም፣ የመዝናኛ ከተሞቻችንንም ይዤ ነው። በእኛ ከተማ የሚሠራው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ ልጅ ሲቀመጥበት እግሩ መሬት ይረግጣል፣ ገበታውም ደረቱ ላይ ይሆንለታል። ያው ልጅ ሆቴል ሲሄድ ግን ለአዋቂ በተሠራ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አገጩ ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል፣ እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ በኋላ ለምን ተንሸራተተ ብለን እንቆጣዋለን። ከፍ ያለ የሕፃናት ወንበር ያላቸው ቤቶች ጥቂቶች ናቸው፤ ያላቸውም ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ቀበቶው ተበጥሷል።

ሁለተኛው የወጥ ቤቱ አሠራር ነው። የአራት ሰው ትዕዛዝ በአንድነት ይወጣል ተብሎ የልጁ ፓስታ የአባቱ ጥብስ እስኪደርስ ይጠብቃል። ፓስታውን በአሥር ደቂቃ ማውጣት ይቻላል፤ አስተናጋጁ ትዕዛዝ ሲቀበል «የልጁን አስቀድሜ ላምጣ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እስከዚያም ትንሽ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ቢያኖር፣ በእኔ ላይ የደረሰው አብዛኛው አይደርስም ነበር። ይህ ለቤቱ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ወላጅም ግዴታ አለበት። አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ምናልባት ዓመት ሙሉ ገንዘብ አጠራቅመው የመጡ ይሆናሉ። ልጅ ከተረበሸ ሳይውል ሳያድር፣ ማለትም ለቅሶው ሳይበረታ፣ ከወላጆቹ አንዱ ይዞት ወደ ውጭ ቢወጣ፣ ጥቂት ተናፍሶም ቢመለስ፣ ለሁሉም ክብር ነው። ስልክ ሰጥቶ ማስቀመጥን በተመለከተ፣ ድምፁ የተከፈተ ቪዲዮ ከልጅ ለቅሶ ያነሰ ረብሻ አይደለም፤ ልጁም የበላውን ሳያውቀው ይነሣል። እርሳስና ወረቀት፣ ከሁሉም በላይ ግን የሚያዋራው ወላጅ ይበቃዋል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» የሚለው አባባላችን ለእኛ ለወላጆች የተነገረ ነው፤ ጎን ያለው ጠረጴዛ የልጃችንን ንፍጥ እንዲወድ ግዴታ አይጥልበትም።

ለወንድሜ የነገርኩት ይህንኑ ነው። እርሱም የያዘውን የማታ ቦታ ጊዜው ሳያልፍ ሰረዘው። በሳምንቱ አጋማሽ ፓርክ በማይሄዱበት ቀን አራቱም ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው ልጅ በሚቀበል ቤት በጊዜ በሉ፤ ትንሹ ሥጋውን ትቶ ድንቹን ብቻ ጨርሶ በሰላም ወጣ። በሌላ ምሽት ደግሞ እናትና ልጅ ሁለቱ ብቻ፣ አባትየው ከትንሹ ጋር ሆቴል ቀርቶ፣ ከ10 ዓመት በታች የማይገባበት ቤት ሄዱ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነውና ትገባለች፤ ስልክ ላይ ስለዚያ እራት ስታወራኝ የእያንዳንዱን ሳህን ቅርጽ ሳይቀር ነገረችኝ።

እኛም ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን ደግመን ልንሄድ ነው። ከጅማ በገባንበት ማግሥት ዕረፍት እናደርጋለን፤ የውሃው ፓርክ ከዚያ በኋላ ነው፤ ምሳውን ደግሞ ከፓርኩ በኋላ ባለው ቀን፣ ለ6 ሰዓት ያዝኩት። ስደውል የልጁ ምግብ ቀድሞ ሊወጣ ይችል እንደሆነ ጠየቅሁ። በወዲያኛው መስመር የነበረው ወጣት ጥቂት ዝም አለና «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው፣ እናቴ? ወንበሩን እንዳዘጋጅለት ነው» አለኝ።