እጃችሁ ይባረክ፣ ጊኒ ፒጋችንን ላጎረሳችሁ

በቀደም አንድ እሑድ ቤታችን ልደት ነበር። ሜሪላንድ፣ ሰባት ሰው በሚይዝ ሳሎን ውስጥ ሃያ ሰባት እንግዳ። ቆሎ የምንላት የልጄ ጊኒ ፒግ፣ ጅራት የሌላት ትንሽ የአይጥ ዘመድ፣ እንደወትሮዋ ጥግ ላይ ድርቆሿን ታኝካለች። እኔ ወጥ ላሞቅ ገባ ብዬ ስመለስ ፊቷ የተደረደረው ምግብ ከእኛ ጠረጴዛ ይበልጣል። ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ግማሽ አቮካዶ፣ ከነሽንኩርቱ የታፈሰ ሰላጣ።

ቤታችሁ እንስሳ ካለ ነገሩን ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለ ቸርነት አለማመስገን ነውር ነው፤ ስለዚህ ላመስግን።

መጀመሪያ ምስጋና ለጎመን ሰጪው። ሙግታቸው አይረታም፦ «ቅጠል በል አይደለች? ጎመን ደግሞ ቅጠል ነው።» ልክ ናቸው። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱና ጨው ብቻ ናቸው ቅጠል ያልሆኑት። ቀጥሎ ለዳቦ ሰጪው። እሳቸው ሳያውቁት ሳይንስ ውስጥ ገብተዋል። በ1907 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ሆልስትና ፍሮሊክ የሚባሉ ሁለት ኖርዌያውያን ሐኪሞች ጊኒ ፒጎችን እህልና ዳቦ ብቻ ሲያበሏቸው ስከርቪ የሚባለው የቫይታሚን ሲ እጥረት በሽታ ያዛቸው። ይህች እንስሳ እንደ እኛው ቫይታሚን ሲን ራሷ መሥራት አትችልም፤ ከምግቧ ካላገኘች መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ ድዷ ይደማል። ጋሼም ሙከራውን ከመቶ ዓመት በኋላ ሊደግሙት ነበር፣ ያውም በአምባሻ።

የኔ ተወዳጅ ግን ባለ ስንጓ እትዬ ናቸው።

ጥፋቱ የኔ ነው። «ቃሪያ ትወዳለች» ብዬ ነበር። ያልኩት ፈረንጆቹ ቤል ፔፐር የሚሉትን፣ የማያቃጥለውን ነው፤ ለቫይታሚኑ ብለን በየቀኑ አንድ ቁራጭ እንሰጣታለን። እትዬ ከ«ቃሪያ» በኋላ ያለውን አልሰሙም። ከሳህኑ ላይ ስንግ አነሱ። ሆዱ ተሰንጥቆ ሽንኩርትና ቲማቲም የታጨቀበት፣ ሎሚ ጠብ የተደረገበት፣ ጫፉ ብቻ ጎልማሳ የሚያስለቅስ ስንግ። ፍሬውን አራገፉላት፣ አዛኝ ናቸው። ነከስ አድርገው ቀመሱላት። «ኧረ አያቃጥልም» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ቆሎ አሸተተችና ወደ ጎጆዋ ገባች። «አፍራ ነው፣ እንግዳ በዝቶባት» አሉ። ተንበረከኩ። «በሞቴ» አሏት። ዝም። «አፈር ስሆን» አሏት። አሁንም ዝም። «በልጆችሽ» አሏት፤ ልጅ የላትም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሏልና ሁለተኛውን በእንጀራ ጠቀለሉት። ሶፋው ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው «ቅቤ ጣል አድርጊበት፣ ጉሮሮዋን ያለሰልስላታል» አለ። ስለ ቅቤው አሥር ደቂቃ ተመከረ። ሽማግሌ ቢጠራ ኖሮ አይገርመኝም። በመጨረሻ አንዷ «እሷ እኮ ጾመኛ ናት» አለች፤ እውነቷን ነው። ቆሎ ሥጋ አታውቅ፣ ወተት አታውቅ፣ እንቁላል አታውቅ። ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ላይ ናት። ከኔ ሳሎን ግን ገድፋ ልትወጣ ነበር።

እስቲ የዚህችን «የተራበች» ምስኪን መሶብ ልንገራችሁ። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር ድርቆሽ። ጥርሷ ማደግ አያቆምም፣ የሚሞርደው እሱ ነው፤ አንጀቷንም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ከዚያ በቀን አንድ ስኒ ያህል የታጠበ ቅጠላ ቅጠል፤ ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ያቺ ቃሪያ። አዲስ ነገር ከሆነ ትንሽ በትንሽ፣ አንድ በአንድ። ፍራፍሬ በሳምንት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ፣ ጥፍር የምታክል፤ ስኳር ነውና። አለቀ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ለማጉረስም አይመችም።

አሁን የምሬን ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አጠገባችሁ ቆማ በአፏ «አይሰጣትም፣ ያማታል» ብላችኋለች። ሳቃችሁባት። «ምን ታውቂያለሽ» አላችኋት፣ ያውም በየቀኑ የምታበላትን ልጅ! «ትንሽ እኮ ነው» ትላላችሁ። ቆሎ 900 ግራም ናት። 30 ግራም ጉርሻ ለእሷ ማለት፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከሁለት ኪሎ በላይ በአንድ ጊዜ አፉ ውስጥ መጠቅጠቅ ነው። ደግሞ ማስመለስ አትችልም፤ ተፈጥሮዋ ነው፣ የገባው አይወጣም። ሆዷ ተነፋ። መብላት አቆመች፣ እሷ ደግሞ አንድ ቀን ካልበላች አንጀቷ ይቆማል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጊኒ ፒግ የሚያይ ሐኪም ፍለጋ ስንዞር ልጄ በፎጣ ጠቅልላ አቅፋታለች። «ማን ነው የሰጣት?» አለችኝ። ዘመድ ነው ማለት አቃተኝ።

ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርን።

ቆሎ ረቡዕ ዕለት ድርቆሽ ቀመሰች። ሐሙስ ጮኸች፤ የፍሪጁ በር ሲከፈት የምታሰማውን ያቺን ፉጨት። የሐኪሙን ሂሳብ አልነግራችሁም፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ልደት እንዳትቀሩብኝ። እትዬም ደውለው ነበር። «ዳነች? እኔ እኮ ብያለሁ፣ ሣር ብቻ እያበላችሁ ነው እንዲህ ያከሳችኋት። እሑድ ሙዝ ይዤላት እመጣለሁ።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። ምን ልበል?

ልጄ ግን ዝም አላለችም። የቆሎ ቤት ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ አለበት አለች፣ ያውም በአማርኛ፣ እንግዶቹ እንግሊዝኛ አናነብም እንዳይሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ትማራለች፤ ማንም እንዳያግዛት ብላ በሩን ዘግታ በቀይ ማርከር ጻፈችው፣ ዙሪያውን በአበባ አስጌጠችው። እሑድ እትዬ ከነሙዛቸው ገቡና መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «እባካችሁ አጉርሷት።»

«ታ»ን ረስታታለች።

እትዬ ዞረው አዩኝ። «እሰይ» አሉ ሙዙን እየላጡ፣ «አሁን ገና ልብ ገዛችሁ።»