እርማት፦ ከነደመወዝ የበጎ ፈቃድ ቀን የሚሰጠው ሕጉ ሳይሆን የካውንስሉ መመሪያ ነው

«እንግሊዝ ውስጥ የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ሠራተኛ በዓመት 3 ቀን ከነደመወዙ ለበጎ ፈቃድ ሥራ የመውጣት ሕጋዊ መብት አለው» የሚባለው ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። 2 ወይም 3 ቀን የሚፈቅዱ ካውንስሎች አሉ፤ የሚፈቅዱት ግን በራሳቸው የውስጥ መመሪያ ነው። ስለዚህ ሌላ ካውንስል የሚሠራ ወዳጅዎ ያገኘውን እርስዎ ላያገኙ ይችላሉ።

ግርታው የሚመጣው እ.ኤ.አ. ከ1996ቱ የቅጥር መብቶች ሕግ አንቀጽ 50 ይመስለናል። አንቀጹ እንደ ማጅስትሬት (ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የአካባቢ ዳኞች) ላሉት፣ ለካውንስል ተመራጮችና ለመንግሥት ትምህርት ቤት ቦርድ አባላት ተመጣጣኝ የሥራ ሰዓት እንዲፈቀድላቸው ያዛል፤ ደመወዝ ይከፈል ግን አይልም። ምግብ ባንክ (ለችግረኞች ምግብ በነፃ የሚያድል ድርጅት) ሄዶ ማገዝ ደግሞ ከነጭራሹ አይካተትም።

መመሪያ ካለ ቀኑን ወደ ሰዓት ይቀይሩት። ሙሉ ሳምንቱ 37 ሰዓት ከሆነ አንድ ቀን 7.4፣ 3 ቀን 22.2 ሰዓት ነው። በሳምንት 18.5 ሰዓት የሚሠራ ሰው ግማሹን፣ 11.1 ሰዓት ያገኛል። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የአለቃዎን ፈቃድም አስቀድመው በጽሑፍ ይያዙ፤ በቃል ብቻ እሺ የተባለ ቀን ኋላ ከዓመት ፈቃድዎ ቢቀነስ ማስረጃ አይኖርዎትም።

ካውንስሉ ራሱ በጎ ፈቃደኞችን ሲያሠራ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪን በደረሰኝ ይመልስ። ወጪ ኖረም አልኖረም በቀን 15 ፓውንድ ቁርጥ አድርጎ መስጠት አደገኛ ነው፦ ከወጪው የተረፈው ገንዘብ እንደ ክፍያ ሊቆጠርና ሰውየው ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ሊጠይቅ ይችላል።